ከጎርፉ በኋላ የዞረው ድንጋይ

ስንዱ ስትናደድ መነጽሯን ታወልቃለች። በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ መልሳ ታጠልቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊቷ የቆመውን ሰው እግዜር ይሁነው። ዳውንታውን ዴንቨር፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ በር ላይ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። እዚያ የሚያውቋት ሁሉ መነጽሯ ሲወልቅ መንገድ ይለቁ ነበር። በኋላ በቦታዋ ማሽን ተተከለና ጡረታ ወጣች። ማሽኑን እስከ ዛሬ ድረስ በክፉ ነው የምታነሣው።

"ማሚ፣ ይሄ ያንቺ ወፍጮ አይደል?" አለቻት ልጇ ሩቲ፣ ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ሶፋው ላይ ተጋድማ። "ሉክ፣ እዪው፣ ሪኖቬት አድርገውታል። በሚቀጥለው ሳተርደይ ኦፕን ያደርጉታል።"

ስንዱ ስልኩን ተቀበለች። ኮሜርስ ሲቲ ዳር፣ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ አጠገብ ያለው አሮጌው የእህል ወፍጮ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ መስኮት ገብቶለት እንደ ሙሽራ ቆሟል። ዙሪያውን አዳዲስ አፓርታማዎች ተሠርተዋል። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር እንባዋም መጥቶ ነበር። ደስታዋ ግን ሩቲ ቀጣዩን ፎቶ እስክታሳያት ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ፎቶው በሩ ላይ የሚለጠፈውን የታሪክ ሰሌዳ ያሳያል፤ ሩቲ እየተረጎመች አነበበችላት።

"ይህ ወፍጮ በ1887 ተሠራ። በ1965ቱ ታላቅ ጎርፍ የኩሬው መዝጊያ ተሰብሮ ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዮቹ ዳግም አልዞሩም። ወፍጮው ለስድሳ ዓመት በዝምታ ኖረ።"

መነጽሩ ወለቀ።

"ድገሚው።"

ሩቲ ደገመችው።

"በዝምታ? ማነው ዝም ያለው? አሥራ ስምንት ዓመት ጆሮዬ እስኪደነቁር የፈጨሁበትን ወፍጮ ነው ዝም አለ የሚሉት?"

"ማሚ፣ ጀስት ኤ ሳይን ነው እኮ። ለምን ስትረስ ታደርጊያለሽ?"

"ሳይን! አንቺን ያሳደገሽ እንጀራ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከዚያ ዝም ካለው ወፍጮ ነው!"

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የወፍጮውን ታሪክ ከሥሩ ያልሰማ ሰው የስንዱን ንዴት እብደት ሊለው ይችላልና ከሥሩ እንጀምር።

ወፍጮውን የሠራው ሰው ዌበር ይባላል፤ የመጣው ከባሕር ዳርቻ አገር ነው። በዚያ አገር ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲሞላ ውሃው ኩሬ ውስጥ ይገባል፣ መዝጊያው ይወርዳል፤ ባሕሩ ሲሸሽ መዝጊያው ተከፍቶ ኩሬው እየፈሰሰ ወፍጮውን ያዞራል። ሰውየው ኮሎራዶ ሲደርስ ባሕር የለም። ያለው ነሐሴ ላይ ዶሮ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ቢሆንም ሌላ ዓይነት ወፍጮ መሥራት አያውቅምና ያንኑ የአገሩን ሠራ። ማታ ማታ ከወንዙ በቦይ እየሳበ ኩሬውን ይሞላል፤ ጠዋት መዝጊያውን ከፍቶ ኩሬው እስኪደርቅ ይፈጫል። ጎረቤቶቹ ባሕር በሌለበት የባሕር ወፍጮ ሠራ ብለው ሳቁበት። የሳቁበት ሁሉ ግን ስንዴያቸውን እየጫኑ መጡ፤ ወፍጮውም ሰባ ስምንት ዓመት ፈጨ። ከዚያ የስድሳ አምስቱ ጎርፍ መጣና መዝጊያውን ሰባብሮ ሄደ። እስከዚህ ድረስ ሰሌዳው ልክ ነው።

ሰሌዳው የማያውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የልጅ ልጅየው፣ ሚስተር ዌበር የሚሉት ትንሹ ዌበር፣ ግትር ሰው ነበር። መዝጊያውን በገዛ እጁ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ ሃያ ዓመት ፈጅቶ ጠገነው። ከዚያ በየዓመቱ በረዶው በሚቀልጥበት ወራት ኩሬውን ሞልቶ፣ አንድ ጆንያ በቆሎ ጨምሮ፣ መንኮራኩሩ እንዳይበሰብስ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያዞረዋል። ስንዱ የደረሰችው በዚያች ሰዓት ላይ ነው፤ በ1988 በግንቦት። ከሱዳን ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ነፍሱን ይማረውና ኪዳኔ እዚያው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ልትወስደው ሄዳ ሰዓቱ ስላልደረሰ በወንዙ ዳር ትንሸራሸራለች። የድንጋይ ድምፅ ሰማች።

የወፍጮ ቤት ልጅ ናት። አባቷ የውሃ ወፍጮ ነበራቸው፤ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ድንጋይ የመውቀር፣ የዶለዶመውን በመዶሻ እየነቀሱ መልሶ የማሾል ሙያውን ያስተማሩት እሷን ነው። ስለዚህ ድምፁን ስትሰማ ሌላ ሰው እንደሚያደርገው "ምን ይሆን" አላለችም፤ "ይሄ ድንጋይ ዶልዱሟል" አለች። ሳትጠራ ገባች። ዱቄቱን በመዳፏ ዘገነችው፤ ይፋጃል። ድንጋይ ሲዶለዱም እህሉን መፍጨት ትቶ ያሸዋል፣ ዱቄቱም ይቃጠላል። እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበር ለዌበር ያለችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ "ስቶን ሲክ።"

ዌበር መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ የአያቱን የመውቀሪያ መዶሻ አምጥቶ ሰጣት። የላይኛውን ድንጋይ ለማንሣት አንድ ቀን ፈጀ፤ ወቅራ ለመጨረስ ሦስት ቅዳሜ። ከመዶሻው እየተፈናጠረ የገባው የብረት ፍንጣሪ እስከ ዛሬ በሁለቱም እጆቿ ጀርባ ላይ ከቆዳዋ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሐኪም "ይውጣልሽ ወይ?" ቢላት "ደመወዜ ነው፣ ተወው" ብላዋለች።

ያን ጊዜ በዴንቨር የጤፍ ዱቄት እንደ ልብ አይገኝም። ጤፉ ከአይዳሆ በጆንያ ይመጣል፤ የሚፈጨው ግን የለም። አንዱ በቡና መፍጫ፣ አንዱ በብሌንደር ሲታገል ይውላል። ስንዱ አንድ ቅዳሜ አንድ ጆንያ ፈጨች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ። በሦስተኛው ወር ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሳይቀር እየነዱ የሚመጡ ሰዎች በወንዙ ዳር ተሰልፈው ወረፋ ይጠብቁ ነበር።

ሥርዓቱን ያወጣችው እሷ ናት። ቅዳሜ በማለዳ ድንጋዩ በንጹሕ መጥረጊያ ይጠረግና መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ መገበሪያ፣ ለቁርባን የሚሆነው ስንዴ፣ ይፈጫል። ያ ሳያልቅ የማንም ጆንያ አይፈታም። ቀጥሎ ጤፍ፣ መጨረሻ ለሽሮ የሚሆነው ሽምብራ። በርበሬ የያዘ ሰው ከነፌስታሉ ይባረራል። ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበር፦ ድንጋይ ባዶውን አይዞርም። እህል ሳይኖር ከዞረ ድንጋይ ድንጋይን ይበላል፤ የሦስት ቅዳሜ ውቅር በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ እህል የሚጨመርበትን ሣጥን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። እሱንም ሥራ የያዙት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ወልደየስ ነበሩ። መገበሪያውን ይዘው በጾም ይመጣሉ፤ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ቃል አይተነፍሱም። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ማታ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ነው። ሣጥኑ መጉደል ሲጀምር "እህል!" ይላሉ። ከውጭ ያለው ተረኛ ጆንያውን ተሸክሞ ይሮጣል። "እህል!" አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዌበር በ2006 ሞቶ ወራሾቹ ቦታውን እስኪሸጡት ድረስ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ነው "በዝምታ ኖረ" የተባለው።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ ሩቲን እየጎተተች ወፍጮው ቦታ ሄደች። ያደሰው ኩባንያ ታሪኩን ለጻፈችለት ባለሙያ እዚያው ቢሮ ሰጥቷታል፤ ኤለን ትባላለች፤ ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሴት ናት። ስንዱ ትሕትናዋን አይታ አልራራችላትም። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ሁሉ አወረደችባት፤ ሩቲ ግማሹን ተረጎመች፣ ግማሹን ለክብራቸው ስትል ዋጠችው።

ኤለን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ የስንዱን እጆች አየች። ተነሥታ ጠጋ አለችና "ይቅርታ፣ ላየው እችላለሁ?" ብላ ጥቁሮቹን ነጠብጣቦች ተመለከተች።

"ይህን እጅ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ነው የማውቀው" አለች። "ድንጋይ የሚወቅሩ ሰዎች እጅ ነው። እኔ አምንዎታለሁ። ነገር ግን አንድ ችግር አለ።"

ከመሳቢያ አንድ የወረቀት ቅጂ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጻፈ የ1997 ደብዳቤ ነው። እንግሊዝኛው አጭርና ደረቅ ነው፦ እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ዘጠኝ ሰዎች፣ በዚህ ወፍጮ ከ1965 ወዲህ ምንም ዓይነት እህል ተፈጭቶ እንደማያውቅ፣ ድንጋዮቹም ዞረው እንደማያውቁ እናረጋግጣለን። ከሥር ዘጠኝ ፊርማ። የመጀመሪያው በአማርኛ ፊደል፣ በትልልቁ የተጻፈ ነው፦ ስንዱ።

"ማሚ?" አለች ሩቲ።

ስንዱ መነጽሯን አላወለቀችም።

ወረቀቱን ረስታው ነበር። እውነት ነው፣ ረስታው ነበር፤ የተቀደደ፣ የተጣለ፣ የትም የሌለ መስሏት ነበር። በ1997 ለዌበር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመጣለታል፦ "በዚህ ቦታ ለምግብ የሚሆን ዱቄት ይፈጫል ወይ?" የሚል ጥያቄ ነው። ዌበር ደብዳቤውን አምጥቶ ለአቶ ወልደየስ አሳየ። በዚያው ማታ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። እዚያ ከተቀመጡት አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ቀበሌ ወረቀት አቅርቦላቸው የሚያውቅ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ለወረቀት መልሱ አንድ ነበር፦ አላውቅም፣ አላየሁም፣ አልነበርኩም፤ ሁሉም በአንድ ቃል። "መንግሥት ሲጠይቅ የሚያድነው ቃል 'የለም' ነው" አሉ አቶ ወልደየስ፤ ራሳቸውም ጻፉት። "የባለሙያዋ ስም ይቅደም" ተባለና ስንዱ አስቀድማ ፈረመች። ምን እንደሚል አላነበበችውም፤ አላስነበበችውም። የሚለውን ግን አሳምራ ታውቅ ነበር።

ቆሽት የሚያሳርረው ደግሞ በኋላ የመጣው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ጥያቄ ፈቃድ ለመስጠት ነበር። "አዎ፣ እንፈጫለን" ቢሉት ኖሮ አንድ ገጽ ቅጽ ሞልተው ፈቃድ ይወስዱ ነበር፤ ይህን ዌበር ከሳምንት በኋላ ጭንቅላቱን እያከከ ነገራቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ማንም ሳያሳድዳቸው ተደብቀው፣ ማንም ሳይከሳቸው ክደው፣ ዘጠኝ የተከበሩ ሰዎች የገዛ ታሪካቸውን በፊርማ ሰረዙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

"ሰሌዳው ለምረቃው ቀን በካርቶን ነው የተሠራው" አለች ኤለን። "ከምረቃው በኋላ ባለው ሰኞ በነሐስ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ የሚለውጠው የለም። እኔ በእጅዎ ላይ ተመሥርቼ መጻፍ አልችልም። እርስዎ 'ውሸት ነበር' ብለው ቢፈርሙልኝና ከፈራሚዎቹ አንድ ሌላ ሰው ቢያረጋግጥልኝ ግን እለውጠዋለሁ።"

ከዘጠኙ አምስቱ ሞተዋል። ሁለቱ ወደ ሌላ ስቴት ሄደው አድራሻቸው ጠፍቷል። የቀሩት ስንዱና አቶ ወልደየስ ናቸው።

አቶ ወልደየስ ሰማንያ ሞልተዋል። ጠዋት ጠዋት ቻምበርስ ሮድ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ፊት ለፊት ያለው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናቸውን ያቆሙና ሬዲዮ እየሰሙ ይቀመጣሉ። ስንዱ መስኮቱን አንኳኳች። ዝቅ አደረጉት።

"ጋሽ ወልደየስ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ስንዱ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?"

ነገረቻቸው። ሰሌዳውን፣ ወረቀቱን፣ ፊርማውን፣ ሰኞን። ሰምተው ሲጨርሱ ሬዲዮውን አጠፉ።

"ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?"

"አንድ ፊርማ። ፈጭተናል ብለው መፈረም ብቻ።"

"በሰማንያ ዓመቴ 'ዋሽቼ ነበር' ብዬ ልፈርም? ለመንግሥት በተጻፈ ወረቀት? ሲትዝንሺፔን ካንስል ቢያደርጉትስ? ያኔ ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ?"

"ማንም ምንም አያደርግዎትም። ጠይቄያለሁ።"

"ስንዱ፣ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? ለአንድ ሳንቃ ብለሽ የተኛ ነገር አትቀስቅሺ።"

መነጽሩ ወለቀ። ተወለወለ። ተመልሶ ገባ።

"ዝም አይነቅዝም፤ ልክ ነዎት። የነቀዝነው እኛ ነን። እሺ ጤፉ ይቅር፤ ሽሮውም ይቅር። መገበሪያውስ? በጾም አፍዎ ቆመው ያስፈጩት፣ ሕዝብ የቆረበበት ስንዴ? እሱንም 'እዚህ አልተፈጨም' ብለን ፈርመናል እኮ! እርስዎ የጻፉት፣ እኔ አስቀድሜ የፈረምኩት ነው። ክደናል ጋሼ! እኔስ የወፍጮ ቤት ልጅ ነኝ፣ ድፍረቴ ይታወቃል። እርስዎ ግን ሊቀ መንበር ነበሩ!"

የአቶ ወልደየስ ፊት አመድ መሰለ። ቁልፉን ተጫኑትና መስኮቱ ቀስ ብሎ ወጣ። ስንዱ መስታወቱ ላይ የራሷን ፊት እያየች ቀረች። ያንን ፊት በዚያች ሰዓት ከአቶ ወልደየስ የበለጠ ጠላችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ኩባንያው "የአካባቢው ማኅበረሰቦች" ብሎ የሐበሻ ሽማግሌዎችንም ጠርቷል፤ ነጭ ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ለፎቶ ያምራሉ። አቶ ወልደየስም አሉበት። ስንዱ ስትገባ ኩሬውን ፈለገችው፤ ተደፍኖ፣ አስፋልት ለብሶ፣ መኪና ቆሞበታል። ከድንጋዮቹ አጠገብ አበባና ስንዴ የሞላ ቅርጫት ለጌጥ ተቀምጧል። ሰሌዳው በካርቶን ላይ ታትሞ በሩ ላይ ቆሟል። በዝምታ ኖረ ይላል።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ወጣት ነው። ማይክ ይዞ ስለ ቅርስ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጥንት ሰዎች ላብ ተናገረ። ከዚያ "አሁን ደግሞ ከስድሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋዮቹ ሲዞሩ ታያላችሁ!" አለ። ውሃ ስለሌለ ከምድር ቤት ሞተር ተገጥሞላቸዋል።

ስንዱ የእህሉን ሣጥን አየች። ባዶ ነው። የላይኛውንም ድንጋይ አየች፤ ታችኛው ላይ ተኝቷል፤ ከፍ የሚያደርገው ሰው አልነበረም።

"ባዶውን አታዙሩት!" ብላ ተነሣች። ሩቲም በእንግሊዝኛ ደገመችው።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። "ለማሳያ ያህል ነው እሜቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።" እጁን አወዛወዘ። ከታች ሞተሩ ተነሣ።

ድንጋይ ድንጋይን ሲበላ የሰማ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ባልጩት ሽታ፣ ቀጥሎ ከጠርዙ ሥር የእሳት ብልጭታ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የትርዒቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ! ስንዱ ወደፊት ሮጠች፤ "አጥፉት!" ትላለች። ማጥፊያው ምድር ቤት ነው፤ ሞተሩን ያስነሣው ልጅ ቆልፎ ወጥቶ መኪና እያስቆመ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይዞራል። ስንዱ ከሦስት ቅዳሜ ላቧ ላይ ጭስ ሲወጣ ቆማ አየች።

ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ድምፅ ተሰማ።

"እህል!"

ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ ወልደየስ ተነሥተዋል። ከዘራቸው ወድቋል። "እህል! እህል!" ይላሉ፣ ልክ እንደ ድሮው ቅዳሜ፤ ከውጭ ግን ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ ተረኛ የለም። ራሳቸው ሄዱ። ለጌጥ የተቀመጠውን የስንዴ ቅርጫት ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ አበባው ተበተነ፤ በሰማንያ ዓመት ክንዳቸው ከፍ አድርገው ሣጥኑ ውስጥ ገለበጡት። ስንዱ በዚህ በኩል ሆና ስንዴውን በእጇ ወደ ድንጋዩ አፍ ገፋችው።

ጩኸቱ ወረደ። ተጎረበጠ፣ ከበደ፣ ከዚያ ያ የሚታወቀው የወፍጮ ድምፅ መጣ። በጎን በኩል ዱቄት መውረድ ጀመረ። ስንዴው ሊያልቅ ሲል ልጁ ምድር ቤት ደርሶ ሞተሩን አጠፋው።

ኤለን ከሰዉ መሀል ወጥታ አቶ ወልደየስ ፊት ቆመች። "ምን ማድረግ እንዳለብዎት እንዴት አወቁ?" አለቻቸው።

አቶ ወልደየስ ወደ ስንዱ ዞሩ። ነጭ ልብሳቸው በዱቄት ተለውሷል።

"እኔ አላስተረጉምልዎትም" አለች ስንዱ። "እንግሊዝኛውን ያውቁታል። ጽፈውበታል።"

አዛውንቱ ባዶውን ቅርጫት ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ከዚያ ኤለንን እያዩ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ተናገሩ። "አሥራ ስምንት ዓመት። በየቅዳሜው። እህሉን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የምትፈጨው እሷ ነበረች።" ከዚያም ጨመሩ፤ "አልተፈጨም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።"

ወረቀቱ እዚያው፣ አበባው በተበተነበት ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ። ስንዱ ሩቲን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ እንድታነብላት አደረገች፤ እንግዶቹ ወይን ይዘው እየጠበቁ፣ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። አቶ ወልደየስ "'በስህተት' የሚል ቃል ቢገባበት" ብለው ነበር።

"በስህተት አይደለም" አለች ስንዱ። "ዋሽተን ነው። ዋሽተን ይባል።"

ዋሽተን ተባለ። ፈረሙ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣቷን በድንጋዮቹ መሀል ሰደደች። የወቀረችው መስመር ጠፍቷል፤ ድንጋዩ እንደ መስታወት ልሟል። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ይጠገን እንደሆነ ጠየቃት። "ሦስት ቅዳሜ ይፈጃል" አለችው። "ግን ስሜ በነሐሱ ላይ ሳይጻፍ መዶሻ አልነካም።"

አቶ ወልደየስ ከዘራቸውን አንሥተው አጠገቧ ቆሙ። "ቅዳሜ ልምጣ?" አሏት ቀስ ብለው።

ስንዱ መነጽሯን አወለቀች። በዱቄት ተሸፍኖ ነበር፤ ነጠላዋም በዱቄት ተሸፍኗል፤ ብትወለውለው ባሰበት።

"ይምጡ። እህሉን የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል" አለች። "ይቅርታ ግን አላደረግኩልዎትም። ለራሴም ገና አላደረግኩም።"